የእንጆሪ ገበሬው ልጅና ጅራታም ኮከቦቹ

ሌስሊ ፔልቲየር እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 1900 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ ዴልፎስ በምትባል ትንሽ ከተማ አቅራቢያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። (በዚህ ትረካ ውስጥ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አገሩ ሜዳ ነው። ተራራ አይጋርደውም፤ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ክፍት ነው። ሌስሊ ሰማንያ ዓመት በኖረበት ዘመን ሁሉ ከዚያ አካባቢ ነቅሎ አልወጣም። የዩኒቨርሲቲ ደጅ አልረገጠም፤ ለሥነ ፈለክ ሥራው የሚከፈለው ደመወዝም አልነበረም። ሆኖም በሃያኛው ክፍለ ዘመን ሰማይን እንደ እሱ በጽናት የተከታተለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የሃርቫርድ የምርምር ጣቢያ መሪ የነበረው ሃርሎ ሻፕሊ በሙያው ደመወዝ ከማይበሉ ከዋክብት ተመልካቾች ሁሉ የዓለም ታላቁ እሱ ነው ብሎ የመሰከረለትም በዚህ ምክንያት ነው።

ልጅ ሳለ አንድ ምሽት በወጥ ቤታቸው መስኮት አሻግሮ ሲያይ እንደ ዘለላ የተጠጋጉ ጥቃቅን ከዋክብት ታዩት። ምን እንደሆኑ እናቱን ጠየቃት። ሰባቱ እህትማማቾች እንደሚባሉ ነገረችው። ነገሩ በዚያው ቀረ፤ ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ሰማይ ለእሱ የሌሊት ጣሪያ ብቻ ነበር።

የተለወጠው በሜይ 1915 ነው። የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ በምሽት ወደ ቤቱ ሲመለስ ቀና አለ። የሜዳውን አበባ፣ የወፉን ዓይነት፣ የቢራቢሮውን ስም አንድ በአንድ የሚያውቅ ልጅ ነበርና፣ በየሌሊቱ ከራሱ በላይ ከሚያየው ነገር አንዱን እንኳ በስሙ አለማወቁ ከነከነው። በማግስቱ ወደ ከተማው ቤተ መጻሕፍት ሄዶ የማርታ ኢቫንስ ማርቲንን ስለ ከዋክብት የሚያስተምር መጽሐፍ ተዋሰ። መጽሐፉ ጀማሪውን በምሥራቅ በኩል ከምትወጣ ደማቅ ኮከብ፣ ከቬጋ ይጀምር ዘንድ ይመክራል። ሌስሊ ወጥቶ ቬጋን ፈለገ፤ አገኛትም። ከእሷ ተነስቶ ወደ ጎረቤቷ፣ ከጎረቤቷ ወደ ሌላዋ እያለ በጥቂት ወራት ውስጥ ሰማዩን እንደ መንደሩ ለመደው።

ቀጥሎ ቴሌስኮፕ አማረው። ገንዘብ ግን የለም። የአባቱ እርሻ እንጆሪ ያበቅላል፤ ለቃሚ ለለቀመው ለእያንዳንዱ ኳርት፣ ማለትም አንድ ሊትር ገደማ ለሚይዝ ዕቃ፣ 2 ሳንቲም ይከፈለዋል። የሚፈልገው ቴሌስኮፕ ደግሞ 18 ዶላር ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 900 ኳርት እንጆሪ። እንጆሪ መሬት ላይ የተነጠፈ ተክል ስለሆነ ለቃሚው ቀኑን ሙሉ እንዳጎነበሰ ወይም እንደተንበረከከ ይውላል። ልጁ ወቅቱ እስኪያልቅ ለቀመ፤ ዘጠኝ መቶውንም ሞላ። በዚያ ገንዘብ የመጣችው ቴሌስኮፕ የፊት ሌንሷ ስፋት 2 ኢንች ብቻ ነበር፤ ዛሬ በመጫወቻ ሱቅ ከሚሸጡት እምብዛም የማትበልጥ። እሱ ግን በእሷ የጨረቃን ገደሎችና የጁፒተርን ጨረቃዎች አየ። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ትምህርቱን ትቶ ሙሉ በሙሉ ወደ እርሻው ገባ፤ ትምህርት ቤቱ ከዚያ ወዲያ ሌሊቱ ሆነ።

አሁን ጥያቄው፣ አንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ ያለው የገበሬ ልጅ ለሳይንስ ምን ሊጠቅም ይችላል የሚለው ነበር። መልሱ የመጣው ከአሜሪካ ተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር ነው። ማኅበሩን በ1911 ዊሊያም ታይለር ኦልኮት የሚባል ሰው ሲመሠርት ሐሳቡ ግልጽ ነበር። ብርሃናቸው ከፍና ዝቅ የሚል ከዋክብት በሺህ ይቆጠራሉ፤ ትልልቆቹ የምርምር ጣቢያዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው፣ ጊዜም የላቸውም። በየቦታው ያለ አማተር ሁሉ በየሌሊቱ ጥቂት ኮከብ ቢለካ ግን ማንም ባለሙያ ብቻውን የማይደርስበት መዝገብ ይከማቻል።

ሌስሊ የመጀመሪያውን ልኬቱን የመዘገበው ማርች 1 ቀን 1918 ነበር፤ ኮከቧም አር ሊዮኒስ ናት። አር ሊዮኒስ በአንበሳው ህብረ ኮከብ ውስጥ ያለች ቀይ ኮከብ ስትሆን በአሥር ወር ገደማ አንዴ ትደምቃለች፣ አንዴ ትደበዝዛለች። ሥራው እንዲህ ነው። ተመልካቹ ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ይጠብቃል። ከማኅበሩ የተላከለትን ካርታ እያየ ኮከቧን ያገኛል። ከዚያ በአጠገቧ ያሉትን፣ ድምቀታቸው ቀድሞ የታወቀ ከዋክብት ይፈልጋል። ከዚህችኛዋ ትደምቃለች፣ ከዚያችኛዋ ታንሳለች ይላል፤ በሁለቱ መካከል የት እንዳለች ገምቶ ቁጥሯን ይጽፋል፤ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ሌላ ምሥጢር የለውም። አንዱ ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ለሠላሳና ለአርባ ዓመት ሲደረደር ግን የአንድ ኮከብ የሕይወት ታሪክ ይሆናል። ሌስሊ ከዚያች ማርች ጀምሮ እስከሚሞትበት ዓመት ድረስ በየወሩ ዘገባውን ላከ። አንድም ወር አላጓደለም። ድምሩ ከ132 ሺህ በላይ ልኬት ነው። እኔ ይህን ቁጥር ከጅራታም ኮከቦቹ ሁሉ አስበልጬ አያለሁ፤ ጋዜጦች ግን ጅራት ያለውን ነገር ይወዳሉና ዝናው የመጣው በዚያ በኩል ነው።

የልጁ ዘገባ የማይቋረጥ መሆኑ ሲታይ ሰዎች ያምኑት ጀመር። ማኅበሩ 4 ኢንች ስፋት ያለው ቴሌስኮፕ አዋሰው። ቀጥሎ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ታላቅ የሥነ ፈለክ ሊቅ ሄንሪ ኖሪስ ራስል አንድ ባለ 6 ኢንች መሣሪያ ወደ ዴልፎስ ላከለት። ይህኛው ለጅራታም ኮከብ አደን ተብሎ የተሠራ ነበር። ብዙ አያጎላም፤ በአንድ እይታ የሚያሳየው የሰማይ ክፍል ግን ሰፊ ነው። ፕሪንስተን ሳለም ሌላ ሰው ጅራታም ኮከቦች አግኝቶበታል። ሌስሊ በላሞች ግጦሽ መሬት ላይ ትንሽ የመመልከቻ ቤት ሠርቶ መሣሪያውን አስገባበት። ታላቁ ዩኒቨርሲቲ ዕቃውን ላልተማረ ገበሬ ማመኑ፣ ገበሬውም እምነቱን ዕድሜ ልኩን መጠበቁ፣ በዚያ ዘመን የነበረውን የሳይንስ መንፈስ በደንብ ያሳያል።

ጅራታም ኮከብ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ጅራት የለውም። ይህን የማያውቅ ሰው አደኑን አይረዳውም። ከፀሐይ ርቆ ሳለ በሌንስ ውስጥ የሚታየው ትንሽ የደበዘዘ ጉም መሳይ ነገር ነው፤ ወደ ፀሐይ ሲቀርብ በረዶው ይተንና አቧራና ጋዙ ወደ ኋላ ይዘረጋል። ስለዚህ አዳኙ በብዛት የሚያተኩረው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በምዕራብ፣ ከመውጣቷ በፊት ደግሞ በምሥራቅ ባለው ሰማይ ላይ ነው። ቴሌስኮፑን ቀስ ብሎ ወደ ጎን ይገፋዋል፤ ዳር ሲደርስ ትንሽ ከፍ ያደርግና ይመልሰዋል፤ ያለፈበትን በከፊል እየደገመ፣ ምንም ሳይዘል። ችግሩ ሰማይ በሌላ ጉም የተሞላ መሆኑ ነው። የሩቅ ጋላክሲዎች፣ የጋዝ ደመናዎች፣ የከዋክብት ክምችቶች ሁሉ በትንሽ ቴሌስኮፕ ሲታዩ ጅራታም ኮከብ ይመስላሉ። ፈረንሳዊው ሻርል ሜሲዬ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ዛሬም የምንገለገልበትን ዝነኛ መዝገብ ያዘጋጀው አዳኞች በእነዚህ እንዳይታለሉ ብሎ ነው። መለያው አንድ ነው፤ እንቅስቃሴ። ጉሙ በከዋክብቱ መካከል ያለበትን ቦታ ሥሎ፣ አንድ ሰዓት ቆይቶ መልሶ ማየት ነው። ከተንቀሳቀሰ ጅራታም ኮከብ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ አይደለም።

ሌስሊ በዚህ መንገድ ለዓመታት ሰማዩን ጠረገ፤ ምንም አላገኘም። በኖቬምበር 13 ቀን 1925 ምሽት ግን በካርታው ላይ የሌለ ጉም ሌንሱ ውስጥ ገባ። ጠበቀው፤ ተንቀሳቀሰ። ለአሜሪካ የግኝት ወሬ ሁሉ ማዕከል ወደ ነበረው ወደ ሃርቫርድ ቴሌግራም ላከ። መልሱ ሲመጣ ጅራታሙ ኮከብ እውነተኛ ነው፤ ሆኖም በፖላንድ ክራኮው አንቶኒ ቪልክ የሚባል መምህር ጥቂት ቀድሞ አይቶታል። በደንቡ መሠረት ሁለቱም ስማቸውን ሰጡት፤ ቪልክ–ፔልቲየር ተባለ።

ስለ ቪልክ እዚህ ላይ መናገር አለብኝ። እሱም እንደ ሌስሊ ትዕግሥተኛ አዳኝ ነበር፤ በድምሩ አራት ጅራታም ኮከቦች አግኝቷል። በኖቬምበር 1939 ናዚዎች የክራኮው ዩኒቨርሲቲን ምሁራን በአንድ አዳራሽ ሰብስበው ሲያፍሱ አብሮ ተያዘ። ወደ ዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ተወሰደ፤ በ1940 መጀመሪያም ሞተ። አንዱ በኦሃዮ ሜዳ፣ አንዱ በክራኮው ሆነው ስማቸው በአንድ ጅራታም ኮከብ ላይ የተጻፈ ሁለት ሰዎች፣ በምድር ላይ የገጠማቸው ዕጣ ይህን ያህል ተራራቀ።

ከዚያ በኋላ ግኝቶቹ ተከታተሉ። የ1930ው ግኝቱ ከሁለት ጀርመናውያን ስም ጋር ተያይዞ ይጠራል። የ1932ቱን ከሃርቫርዱ ወጣት ከፍሬድ ዊፕል ጋር ተጋራ። ይህ ዊፕል ቆይቶ፣ በ1950፣ የጅራታም ኮከብ እምብርት በረዶና አቧራ የተቀላቀለበት ክምር ነው የሚለውን ሐሳብ ያቀረበና ዕውቀቱን ሁሉ የለወጠ ሰው ነው። በ1933 ሌስሊ አንድ ብቻውን አገኘ። በዚያው ዓመት ዶሮቲ ናይሂዘርን አገባ፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። ኑሮውን በእርሻው፣ በኋላም በዴልፎስ በሚገኝ ፋብሪካ የልጆች የቤት ዕቃና መጫወቻ ንድፍ እያወጣ ገፋ።

ትልቁ ዝናው በ1936 መጣ። በሜይ ወር በሰሜን ሰማይ ላይ ደብዛዛ ጉም አገኘ፤ ማንም አልቀደመውም፣ ማንም አልተጋራውም። ጅራታሙ ኮከብ እየቀረበ፣ እየደመቀ መጣ። በኦገስት መጀመሪያ ላይ ከምድር ወደ 25 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ አለፈ፤ ይህ ለጅራታም ኮከብ ቅርብ የሚባል ነው። በዚያ ሰሞን ሰዎች ያለ ምንም መሣሪያ ደጃቸው ወጥተው አዩት። ጋዜጠኞች ወደ ዴልፎስ ጎረፉ፤ ሜዳው ላይ ያገኙት ከሥራ ልብሱ ያልወጣ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር የሠላሳ ስድስት ዓመት ገበሬ ነበር።

በዚያን ጊዜ አካባቢ ሌስሊ በራሱ እጅ የሠራው ነገር አለ፤ እኔን ከመሣሪያዎቹ ሁሉ የሚማርከኝ ይህ ነው። የኦሃዮ ክረምት ብርዱ ያንዘፈዝፋል፤ ጅራታም ኮከብ አዳኝ ደግሞ ለሰዓታት እንደ ሐውልት መቆም አለበት። ሌስሊ እንግዲህ ከአሮጌ መኪና ዕቃ ጭምር ተጠቅሞ አንዲት ትንሽ የእንጨት ክፍል ሠራ። ተመልካቹ ውስጧ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ የቴሌስኮፑ ማያ ፊቱ ላይ ነው፤ ብርዱ ውጭ ይቀራል። መሪ ሲያዞር ክፍሏ ከነወንበሩ፣ ከነቴሌስኮፑ፣ ከነሰውየው ትዞራለች። ሰማዩን ከዳር እስከ ዳር ለመጥረግ ከመቀመጫው መነሳት አያስፈልገውም። መሐንዲስ አልነበረም፤ ሥራውን ግን ከማንም በላይ ያውቀው ስለነበር የሚያስፈልገውን መሣሪያ ራሱ ፈጠረው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። በ1943 መጨረሻ ዓለም ለሁለት ተከፍላ ስትጫረስ አንድ ጅራታም ኮከብ ብቅ አለ። መጀመሪያ ያየው በደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ የሚሠራው ሆላንዳዊ ሄንድሪክ ቫን ጌንት ነው። ቫን ጌንት ማየቱን ሳያውቁ፣ በኦሃዮ ፔልቲየር፣ በሮማኒያ ደግሞ ቪክቶር ዳይማካ የሚባል የሒሳብ መምህር ያንኑ ጉም አገኙ። ሮማኒያና አሜሪካ በዚያን ጊዜ በጦርነት ላይ ነበሩ፤ የቫን ጌንት አገር ሆላንድ በጀርመን ተይዛለች። ጅራታሙ ኮከብ ግን እስከ ዛሬ የሦስቱንም ስም ተሸክሟል፤ ቫን ጌንት–ፔልቲየር–ዳይማካ።

ከጦርነቱ ማግስት የሕይወቱ ትልቁ ቁጭት መጣ። በሰሜናዊው አክሊል ህብረ ኮከብ ውስጥ ቲ ኮሮኔ ቦሪያሊስ የምትባል ኮከብ አለች። በ1866 በድንገት ፈንድታ ያለ መሣሪያ የምትታይ ሆነች፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ጠፋች። ከዚያ ወዲህ በትንሽ ቴሌስኮፕ ካልሆነ አትታይም ነበር። ሌስሊ ከ1920 ጀምሮ ይህችን ኮከብ ተከታተላት። ምናልባት ዳግም ትፈነዳ ይሆናል ብሎ በየጊዜው ያያታል፣ ይመዘግባታል፣ ያልፋል። እንዲህ ሃያ አምስት ዓመት አለፈ።

በፌብሩዋሪ 1946 አንድ ሌሊት፣ ከንጋት በፊት የሚታዩ ከዋክብቱን ለመለካት የደወል ሰዓቱን ለስምንት ሰዓት ተኩል ሞልቶ ተኛ። ደወሉ ሲጮህ ነቃ፤ ሰማዩም ጥርት ብሎ ነበር። ጉሮሮውን ግን ከረከረው፤ ጉንፋን ሊይዘው እንደሆነ ተሰማው። ዛሬ ይቅርብኝ ብሎ ተመልሶ ተኛ። በዚያች ሌሊት ቲ ኮሮኔ ቦሪያሊስ ፈነዳች፤ ከ1866 በኋላ 80 ዓመት ገደማ ቆይታ። ሌሎች አዩዋት። ሃያ አምስት ዓመት የጠበቃት ሰው አላያትም። ሌስሊ ቆይቶ ይህን ታሪክ ሲጽፍ ጥፋቱ የራሱ ብቻ እንደሆነ አልሸሸገም፤ ከኮከቧ ጋር የነበራቸው ፍቅር ግን ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው እንዳልሆነም አልደበቀም። እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚታየኝ ስንፍና አይደለም። አንዲቷን ሌሊት ማጣቱ ይህን ያህል ሊታወስ የቻለው የቀሩትን ሺህ ሌሊቶች ስላላጣቸው ነው።

ክብሩ እያደር መጣ። በ1947 በኦሃዮ የሚገኘው የቦውሊንግ ግሪን ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ሁለተኛ ደረጃን ላልጨረሰ ሰው የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በ1952 ሌላ ጅራታም ኮከብ ብቻውን አገኘ፤ በ1954 ደግሞ ከስሎቫኪያዊው ሉቦር ክሬሳክ ጋር አንድ ተጋራ። በድምሩ 12 ጅራታም ኮከቦች አገኘ፤ አሥሩ ስሙን ይዘዋል። በ1959 የኦሃዮው ማያሚ ዩኒቨርሲቲ ባለ 12 ኢንች ቴሌስኮፑን ከነጉልላቱ ሰጠው፤ ሁሉም ተጭኖ ዴልፎስ ገባ። የ2 ኢንቿን ቴሌስኮፕ በእንጆሪ የገዛ ሰው በስድሳ ዓመቱ ገደማ የግል የምርምር ጣቢያ ባለቤት ሆነ። በዚህ ሁሉ መካከል የወሩ ዘገባ አልተቋረጠም።

በ1965 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፤ ስታርላይት ናይትስ ይባላል። ስለ ከዋክብት የሚናገረውን ያህል ስለ እርሻው፣ ስለ ወፎቹና ስለ ወንዙም ይናገራል። ይህ መጽሐፍ ከጅራታም ኮከቦቹ የሚተናነስ ውጤት አላመጣም። ከአንባቢዎቹ አንዱ የነበረው ዴቪድ ሌቪ ራሱ ታዋቂ አዳኝ ሆነ፤ በ1994 ጁፒተር ላይ ወድቆ ዓለምን ያስደነቀው ሹሜከር–ሌቪ 9 ከስሙ ጋር የተያያዘ ነው።

ሌስሊ ፔልቲየር ሜይ 10 ቀን 1980 ዴልፎስ ውስጥ በቤቱ አረፈ። ከእሱ በኋላ አደኑ ራሱ ተለወጠ። ሰማዩን በየሌሊቱ በካሜራ የሚጠርጉ ኮምፒዩተር የሚመራቸው ቴሌስኮፖች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ አብዛኛውን ግኝት ወሰዱ። በዓይን ብቻ ፈልጎ የሚያገኝ አማተር ዛሬ እጅግ ብርቅ ነው፤ አሜሪካዊው ዶናልድ ማክሆልዝ በ2018 አንድ ሲያገኝ እንደ ትንግርት የታየው ለዚህ ነው።

የተለዋዋጭ ከዋክብቱ መዝገብ ግን አላረጀም። ቲ ኮሮኔ ቦሪያሊስ ከእኛ ወደ 3,000 የብርሃን ዓመት ርቃ ያለች ጥንድ ኮከብ ናት። አንዷ ትልቅ ቀይ ኮከብ ጋዟን በአጠገቧ ላለች ትንሽና ጥቅጥቅ ያለች ነጭ ድንክ ታፈሳለች፤ ጋዙ በድንኳ ላይ ተከማችቶ ሲበዛ በአንዴ ይነድዳል፤ ዑደቱ 80 ዓመት ገደማ ነው። በዚህ ሒሳብ ቀጣዩ ፍንዳታ በ2020ዎቹ ይጠበቃል። ሳይንቲስቶች ጊዜውን ለመገመት የሚፈልጉት፣ ኮከቧ ባለፈው ፍንዳታ ዋዜማ ምን ዓይነት ጠባይ ታሳይ እንደነበር ነው። ከፍንዳታው አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ በ1945፣ ደብዘዝ ብላ እንደነበር የታወቀው በዚያን ጊዜ በየሌሊቱ በዓይናቸው ይለኩ ከነበሩት አማተሮች ቁጥሮች ነው። በ2023 ኮከቧ እንደገና ስትደበዝዝ፣ የዛሬዎቹ ተመራማሪዎች አዲሱን ልኬት ያስተያዩት የዴልፎሱ ገበሬና ጓደኞቹ ለሩብ ክፍለ ዘመን ከመዘገቧቸው ቁጥሮች ጋር ነው።